የተዋዋስናቸው አልበሞች፣ የተዋስናቸው ቃላት

ነገሩ የተጀመረው በችግር ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለክረምት ዕረፍት ላሊበላ የገባን ስድስት ተማሪዎች ዘፈን የምናገኝበት በር ተዘጋብን። የቀረን በየኪሳችን ያለው ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ብቻ ነበር። እንግዲህ ምን ይደረጋል? እንደ ካሴት ዘመን ታላላቆቻችን መዋዋስ ጀመርን፤ «እኔ ይኸ አለኝ፤ አንተስ ምን አለህ? ስማውና የመሰለህን ንገረኝ» መባባል መጣ። ቆይቶ ደንብ ወጣለት። በየቅዳሜው አንዱ አንድ ሙሉ አልበም ያመጣል፤ ነጠላ ዘፈን አይቆጠርም። ሌላው ሳምንቱን ሙሉ ሰምቶ አንድ ገጽ ሂስ ይጽፋል፤ በቀጣዩ ቅዳሜ ቁጭ ብለን ይነበባል። አልበሙን ያመጣው ሰው ንባቡ እስኪያልቅ አፉን ይይዛል። ከደንቦቹ ሁሉ የከበደችን ይህቺ ነች። የላስታ ልጅ የወደደው ነገር ሲነቀፍበት ዝም ብሎ መስማት አልለመደም።

ኢንተርኔቱ ከተመለሰም በኋላ ልማዱ አልተወንም፤ አሁን ሁለተኛ ደብተር ይዘናል። ለዚህች መጽሔት ጥቂት ሂሶች መርጠን ለማውጣት ተስማምተን ደብተሮቹን ከመጀመሪያው ገጽ ስናነብ ግን አፈርን። ያፈርነው በእጅ ጽሑፋችን አይደለም (እሱም ቢሆን ያሳፍራል)፤ የጻፍነው ነገር የእኛ ሆኖ ስላላገኘነው ነው። ስለዚህ ለአንባቢ የምናቀርበው ሂስ በራሳችን ሂስ ላይ ነው ቢባል ይሻላል።

የመጀመሪያው አልበም የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ላይ የወጣው ሸክላ። በደብተራችን የሰፈረው ሂስ «ምሥጢራዊ»፣ «ጭስ የሞላበት»፣ «ከሌላ ዓለም የመጣ የሚመስል» ይላል። ቃላቱ ከየት መጡ? ጸሐፊው ጓደኛችን ሲጠየቅ አልደበቀም፤ መስመሩ ከመቋረጡ በፊት ያነበባቸው የፈረንጅ ጽሑፎች ጭንቅላቱ ውስጥ ቀርተው ነው። በፈረንጆቹ አይፈረድም። አብዛኞቹ ይህን ሙዚቃ ያወቁት ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እትም፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው አራተኛው ቅጽ፣ ከዚያም በ2005 በጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ነው። ቅኝቱ ለጆሮው እንግዳ የሆነበት ሰው «ምሥጢር» ቢል እውነቱን ነው። እኛስ?

በዚያ ሸክላ ላይ እኮ «ኩሉን ማን ኳለሽ» አለ! በእኅቶቻችን ሠርግ እጃችን እስኪቀላ ያጨበጨብንለት ዜማ ነው፤ ለእኛ ምኑ ነው ምሥጢሩ? ከእኛ የሚጠበቀው ከምናውቀው ዜማ ላይ ሙላቱ ምን እንዳነሣና ምን እንዳኖረ መናገር ነበር። ያነሣው ግልጽ ነው፤ ቃሉን አንሥቷል፤ ተቀባዩንም አንሥቷል። በሠርግ ቤት አውጪ ብቻውን አይዘፍንም፤ ተቀባይ ከሌለ ዘፈኑ እዚያው ይሞታል። በሸክላው ላይ ግን ዜማውን መሣሪያ ይዞት ይሄዳል፤ ከሥር ባሱና ከበሮው ያንኑ እየደጋገሙ ይመልሱለታል። ሠርገኛው ሁሉ ወጥቶ ሙሽራዋ ብቻዋን መስታወት ፊት የቀረች ይመስላል። ውበት አለው፤ ብርድ ያለበት ውበት ነው። ሁለተኛው ሂሳችን እንዲህ ይላል፤ የመጀመሪያውን ሰርዘነዋል። «ደወል» ስለሚለው ክፍል ከመካከላችን አንዷ «ይህ ደወል ማንንም ለኪዳን አይቀሰቅስም» ብላ የጻፈችውን ግን አልሰረዝነውም። ባንስማማበትም አስቆናል።

ቀጥሎ የመጣው የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነው። ኃይሉ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ከቀረ በኋላ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር ይዞ ብቻውን የቀዳው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በካሴት የወጣ ሥራ ነው። አንድ አሜሪካዊ፣ ብራያን ሺምኮዊትዝ፣ አሮጌውን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። ይህ ታሪክ በሂሳችን ውስጥ ግማሽ ገጽ ይዟል። ስለ ሙዚቃው የተጻፈው ሦስት መስመር ብቻ ነው። ታሪኩ ጣፋጭ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ባሕር ዳር ድረስ የደረሰን ካሴት ገዝተው፣ ተዋውሰው፣ ሲላላ በእስክሪብቶ እያጠነጠኑ የሰሙ የእኛ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ያን ጊዜ ምን ተባባሉ? ወደደው፣ ጠላው፣ «ይኸ ደግሞ ምንድን ነው፤ ዘፋኙ የት ሄደ?» አለ? ከእነሱ የደረሰን አንዲት ገጽ እንኳ የለም፤ ደብተሩን የያዝነውም በዚህ ቁጭት ነው ለማለት ደፈርን።

ወደ ሙዚቃው እንመለስ። በዚህ ካሴት ላይ «አምባሰል» የሚል አለ። አምባሰል ከላስታ ወደ ደቡብ ያለ የወሎ አገር ነው፤ ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች የአንዱም ስም ነው። ባቲም እንዲሁ የወሎ ከተማ ስም ነው፤ ይህን በወሎዬነት ኩራት ብቻ አናነሣውም (ትንሽ ብቻ)። የአምባሰል አምስት ድምፆች ጠባያቸው ለየት ያለ ነው፤ ከመነሻው ቀጥሎ ያለው እርምጃ ጠባብ ነው፤ ከዚያ ድንገት ሰፊ ዝላይ ይመጣል። ገደል ለገደል መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ እግር በጥንቃቄ አንድ ጠጠር ላይ ያርፍና ወዲያው መዝለል አለ። ኃይሉ በአኮርዲዮኑ ያችን ጠባብ እርምጃ እየጎተተ ያስረዝማታል፤ ወናፉ ትንፋሽ እስኪያጥረው ይይዛታል። መልካም ነው። በዚያው ሳምንት ግን አንዷ ጓደኛችን፣ ማወዳደሪያ ይሁን ብላ፣ የማሪቱ ለገሠን አምባሰል አመጣች። ከካሴት ወደ ፍላሽ የተገለበጠ ነው፤ ሽፋን የለው፣ ዓመተ ምሕረት የለው፣ ማሲንቆውን ማን እንደመታ የሚነግረን ወረቀት የለው።

እዚህ ላይ ጠብ ተነሣ። ማሪቱ ስታዜም ያችን ጠባብ እርምጃ የሚሸከማት ቃል ነው። ጆሯችን ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ይጠብቃል፤ ዝላዩ የሚመጣው ልክ ወርቁ ሲገለጥ ነው። እንግዲያው ቃል የሌለው አምባሰል ስም ያልተጻፈበት ካርታ ነው፤ ፈረንጅ የሚወድልን ቃል የሌለውን ብቻ ነው፤ እኛም እሱ የወደደውን እየተከተልን ለጓደኛ እንጋብዛለን። አራታችን እንዲህ ብለን ድምፅ ሰጠን። አምስተኛው፣ ኃይሉን ያመጣው፣ ንባቡ እስኪያልቅ ጠበቀና አንድ ነገር ተናገረ፤ «ቃሉ እኮ እኔ ጋ አለ» አለን። አምባሰልን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው አኮርዲዮኑን ሲሰማ ግጥሙን በሆዱ ይላል። ባዶ የተተወው ቦታ ለእሱ ተተወ እንጂ አልጎደለም። ፈረንጁ ግን በዚያ ቦታ ላይ ዝምታ ብቻ ይሰማል። ስለዚህ ሁለታችን የምንሰማው ካሴት አንድ አይደለም። እውነቱን ለመናገር መልስ አጣንለት። በደብተሩ ላይ ድምፁ አራት ለአንድ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ዛሬ ቢቆጠር ግን እንዲያ አይሆንም።

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ሲመጡ ደግሞ ነገሩ ተወሳሰበ። ሃያ አንደኛው የ«ኢትዮፒክስ» ቅጽ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው፣ የእሳቸው የፒያኖ ሥራዎች ብቻ ናቸው። እማሆይ በወጣትነታቸው መንነው በዚያው በአምባሰል፣ ግሸን ማርያም፣ ዓመታት ኖረዋል፤ ያረፉትም በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ነው። እዚህ ላይ ኃይሉን ያመጣው ልጅ ክርክር አይሠራም ነበር፤ የራሳቸው ድርሰት ነውና በሆዳችን የምንለው ግጥም የለንም። እንደ ፈረንጁ ባዶ እጃችንን ሰማን። ጥሩ ሂስ የጻፍነው በዚህ ሳምንት ነው እንላለን። ቀኝ እጃቸው እንደ ሰው ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁን ቀጥ ብሎ አያርፍበትም፤ ዙሪያውን ዳብሶ ነው የሚያርፍበት። ግራ እጃቸው የአውሮፓ ትምህርት ነው። ሁለቱ እጆች እየተከባበሩ ይሄዳሉ እንጂ አይዋሐዱም፤ እንደ እንግዳና ባለቤት። «ቃል አያስፈልጋቸውም» ብለን ደመደምን።

ደመደምን! እ.ኤ.አ. በ2024 «ሱቬኒርስ» ወጣ። እማሆይ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ ቤታቸው ውስጥ ሆነው በቴፕ የቀዱት ነው፤ በአማርኛ ይዘምራሉ፤ ስለ አገርና ስለ ስደት። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ለራስ የሚባል ዓይነት ነው። እኛ አያስፈልጋቸውም ስንል ቃሉ ያን ሁሉ ዓመት ቴፕ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ በኋላ በደብተራችን «አያስፈልግም» የሚል ቃል እንዳይጻፍ ተወሰነ።

የመጨረሻው ጉዳይ ለመጻፍ ያስቸገረን ነው። ደሴ የምትማረው ጓደኛችን ባለፈው ዕረፍት አልበም ብላ ያመጣችው አሥራ አንድ ደቂቃ የስልክ ቅጂ ነበር። ከንጋት በፊት በአክስቷ ደጅ የመጡ ላሊበሎች፣ ባልና ሚስት መሰሉኝ ትላለች፤ እሱ ያወጣል፣ እሷ ትቀበላለች። (ስማቸው ከከተማችን አንድ ነው፤ ከዚህም የተነሣ የዶርም ጓደኞቻችን «እናንተም ሌሊት ትዘፍኑ ይሆን?» እያሉ ይቀልዱብናል።) ካልዘፈኑ ቁምጥና ይይዛቸዋል ተብሎ ሲወራባቸው የኖሩ ሰዎች ናቸው። የቀዳቻቸው ከበሩ ጀርባ ቆማ ነው፤ አልጠየቀቻቸውም።

ዜማው ይዞናል፤ ይህን አንክድም። የሴቲቱ ድምፅ ከሩቅ እየመጣ እሱ ሳይጨርስ ላዩ ላይ ይገባል፤ ሙላቱ ያነሣው ተቀባይ እዚህ አለ። በመካከል የአክስቷ ስም ይጠራል፤ ምርቃቱም ለእሷ ይወርዳል። ሂሱን እንዲጽፍ ዕጣ የወጣበት ጓደኛችን ግማሽ ገጽ ጽፎ ቀደደው። ምክንያቱን ሲናገር፣ የቀሩት አልበሞች ለሚሰማ ሁሉ የተቀዱ ናቸው፤ ይኸኛው የተዘፈነው ለአንዲት ሴት ነው፤ እሷም ተነሥታ ሰጥታለች፤ እኛ ሳንሰጥ ሰማን አለ። የማሪቱን ማሲንቆ መቺ ስም አላገኘንም ብለን ስንቆጭ አልነበረም? የእነዚህንማ ሁለት እርምጃ ላይ ሆነን በሩን ከፍተን አልጠየቅንም።

ሌሎቻችን ተከራከርነው። ካልተቀዳ ይጠፋል፤ ሲነጋ የሚዞሩት እያነሱ ነው ይባላል፤ ደግሞስ ስድስት ሰው ቢሰማው ምን ይጎድላል? እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ልጅቷም ከእኛ ጋር መሆን ሲገባት ወደ እሱ አዘነበለች። በዚያ ቅዳሜ ገጽ ላይ ያለው ቀኑና የተቀደደው ወረቀት ጠርዝ ብቻ ነው።

ቅጂው እስካሁን በእሷ ስልክ ላይ ነው፤ ለማንም አልተላለፈም። ለገና ዕረፍት ወደ ላሊበላ ስንወጣ ሁለቱ ቀድመው ደሴ አክስቷ ቤት ሊያድሩ ተስማምተዋል፤ በሩን ከፍተው፣ ሳንቲምም ይዘው። ላይመጡ ይችላሉ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የታናሻችን ነው፤ የዓለሙ አጋን የበገና አልበም አመጣለሁ ብሎናል።