የደመቀው ጠርዝ

ለንደን ውስጥ፣ በርሊንግተን ሃውስ በሚባለው ሕንጻ፣ በጂኦሎጂ ማኅበር ግድግዳ ላይ መጋረጃ የተጋረደበት ካርታ ተሰቅሏል። መጋረጃው የተሰቀለው ብርሃን የውሃ ቀለሙን እንዳይበላው ነው። ካርታው 2.6 ሜትር ያህል ቁመትና 1.8 ሜትር ያህል ወርድ አለው፤ ሲታተም ደግሞ 15 ሉህ ነበር። እንግሊዝንና ዌልስን ሙሉ በሙሉ፣ ስኮትላንድን በከፊል ይዟል። ዊልያም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1815 ሲያወጣው፣ የአንድን አገር ከርሰ ምድር በዚህ ስፋትና ዝርዝር የሚያሳይ ካርታ ከእሱ በፊት አልነበረም። በረጅሙ ርዕሱ ውስጥ ከአለት ንጣፎቹ ቀጥለው የተጠቀሱት የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶችና ማዕድኖች ናቸው፤ ረግረጉና የአፈሩ ዓይነት የሚመጡት ከእነሱ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ፋብሪካውም ምድጃውም የሚሠራው በድንጋይ ከሰል ነበርና ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አልተመረጠም።

ስሚዝ በ1769 ኦክስፎርድሺር ውስጥ፣ ቸርችል በምትባል መንደር፣ ከብረት ቀጥቃጭ አባት ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ሙያው የመሬት ቅየሳ ነበር። በ1790ዎቹ መጀመሪያ ሶመርሴት ውስጥ ወዳሉት የከሰል ጉድጓዶች ሲወርድ አንድ ነገር አስተዋለ። ከላይ ቀዩ የጭቃ ድንጋይ ተነጥፏል፤ ተኝቷል ማለት ይቻላል። ከሥሩ ግን የከሰሉ ንጣፎች በኃይል አዘንብለው፣ አንዳንድ ቦታም ተጣጥፈው ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። ቆፋሪዎቹ የንጣፎቹን ተራ በቃላቸው ያውቁታል፤ ይህኛው ከዚያኛው በላይ፣ ያኛው ከዚህኛው በታች እያሉ ይነግሩታል። ስሚዝ ይህ ተራ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ሲሻገር እንደማይዛባ አየ። በኋላም የሶመርሴት የከሰል ቦይ ሲቆፈር ቀያሽ ሆኖ ሠራ፤ ቦዩ ምድሩን ሲከፍተው ያው ተራ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሜዳና ኮረብታውን ሲያቋርጥ ተመለከተ።

የካርታው ዋና ጥበብ ያለው ይህን ያየውን ነገር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ባሳየበት መንገድ ነው። ወረቀት ርዝመትና ስፋት እንጂ ጥልቀት የለውም። አንድ ንጣፍ ላይ ላዩን የሚታይበትን ስፍራ በቀለም መሙላት ማንም ይችላል፤ ንጣፉ ከዚያ ወዴት እንደሚወርድ ግን ቀለሙ ብቻውን አይናገርም። በሞሰብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት የእያንዳንዱ ዳር ይታያል፤ የቀረው ከላዩ ካለው ሥር ይገባል። የእንግሊዝ ንጣፎችም በአብዛኛው ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ አዘንብለው እንዲህ ተደራርበዋል። ስሚዝ ይህን ለማሳየት ቀለሙ ሁሉ እኩል እንዳይቀባ አደረገ። እያንዳንዱ ንጣፍ በግርጌው፣ ማለትም ከታቹ ካለው ንጣፍ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ፣ ደምቆ ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ላይኛው ወሰኑ እየሳሳ ይሄዳል።

ውጤቱን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የጠመኔው አረንጓዴ ከዶርሴት ጠረፍ ተነስቶ በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ እስከ ዮርክሺር ይዘልቃል። ከምዕራብ በኩል ያለው ዳሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ይፈዛል። ዓይን ወዲያው ያነበዋል፤ ይህ ንጣፍ ከምዕራቡ ጎረቤቱ በላይ ተቀምጧል፣ በምሥራቅ ደግሞ ከሌላ ሥር ይገባል። ቀስትም ቁጥርም ሳይኖር፣ ብሩሽ ብቻ ሦስተኛውን ልኬት ወረቀቱ ላይ አመጣው።

ይህ በእጅ የተሠራ መሆኑን ማሰብ ያስደንቃል። በካርታ ቀራጩ በጆን ኬሪ የመዳብ ቅርጽ የታተሙት ጥቁር መስመሮች ብቻ ናቸው። መንገዱ፣ ወንዙ፣ ከተማው በአንድ ኢንች 5 ማይል በሚሆን መስፈርት ለዚሁ ካርታ ተብሎ ተቀረጸ። ቀለሙን ግን ቀቢዎች ቅጂ በቅጂ፣ ሉህ በሉህ በእጃቸው አኖሩት። በመቶዎች በሚቆጠሩ ማይሎች ወሰን ላይ ድምቀቱ በትክክለኛው ጎን መዋል አለበት፤ ጎኑ ቢሳሳት ንጣፉ የተገለበጠ መስሎ ይነበባል። ቀለሞቹም በአብዛኛው አለቱን እንዲመስሉ የተመረጡ ናቸው፤ ከሰል ያለባቸው ንጣፎች ጠቁረው ከሩቅ ይለያሉ። የከሰል ጉድጓዱ፣ የእርሳሱ፣ የመዳቡና የቆርቆሮው ማዕድን ማውጫ የየራሱ ምልክት አለው፤ ቦዩና የጋሪ ሐዲዱም ተስሏል። ከሰል የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን በየት በኩል እንደሚጫንም ያው ሉህ ይመልሳል። ከዚህም በላይ ከዌልሱ ስኖውደን ተራራ እስከ ለንደን ያለውን ምድር ከጎን ቆርጦ የሚያሳይ ሥዕል አብሮ ገብቷል፤ በቀለሙ ጠርዝ የተነገረውን በዚያ ማመሳከር ይቻላል።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የካርታው ሥራ ከሰል የሌለበትን ምድር ማሳየቱ ነው። በዚያ ዘመን ባለ መሬቶች ጥቁር የጭቃ ድንጋይ ባዩ ቁጥር ከሥሩ ከሰል ያለ እየመሰላቸው ገንዘባቸውን ጉድጓድ ውስጥ ይጨምሩ ነበር። በሶመርሴቱ ብሩሃም ተቆፈረ፤ በሱሴክስ ጠረፍ ቤክስሂል ላይም ከ1805 ጀምሮ ለዓመታት ተቆፈረ፤ የሚረባ ከሰል ግን አልተገኘም። ጥቁሩ አለት ከሰል ከያዙት ንጣፎች እጅግ በላይ፣ በተራው ሌላ ስፍራ ያለ ነበር። ስሚዝ ተመሳሳይ መልክ ያላቸውን ንጣፎች በውስጣቸው ባለው ቅሪተ አካል መለየት ይቻላል ብሎ ያስተማረው ለዚህ ነው። መልክ ያታልላል፤ በድንጋዩ ውስጥ የቀረው ቀንድ አውጣ ሁሉ ግን የየራሱ ንጣፍ አለው። ይህን ተራ የያዘ ካርታ ለባለ መሬቱ፣ ከመቆፈሩ በፊት፣ ገንዘቡን ያድንለታል።

ሠሪውን ግን ሥራው አላዳነውም። የጂኦሎጂ ማኅበር በጆርጅ ግሪኖ መሪነት ተወዳዳሪ ካርታ አወጣ፤ ስሚዝም በ1819 በዕዳ ታሰረ። በ1831 ያው ማኅበር የመጀመሪያውን የዎላስተን ሽልማት ሰጠው፤ ፕሬዚዳንቱ አዳም ሴጅዊክም የእንግሊዝ ጂኦሎጂ አባት ብሎ ጠራው።

ካርታው የማያሳየውም አለ። በኬንት አገር ከጠመኔውና ከሌሎች ንጣፎች ሥር ተደብቆ የነበረው ከሰል የተገኘው በ1890 ዶቨር አጠገብ በተደረገ ጥልቅ ቁፋሮ ነው። ላይ ላዩን አንድም ፍንጭ አልነበረም። የተጠማዘዙት የከሰል ንጣፎች ከተሸረሸሩ በኋላ አዲስ ንጣፍ በላያቸው ሲነጠፍ፣ የላዩ ዝንባሌ ስለ ታቹ አይመሰክርም። ስሚዝ ራሱ በሶመርሴት ጉድጓድ ያየው ይኸንኑ ነበር። ስለዚህ የኋለኞቹ ካርታ ሠሪዎች የቁፋሮ ቀዳዳዎችን መዝገብ ጨመሩ፤ በግልጽ የሚታየውን ከሰልና የተሸፈነውንም በሁለት ቀለም ለዩ።

ዛሬ ይህ ሁሉ በኮምፒውተር ተደራርቦ ይቀመጣል። ብሪታንያ ከ1872ቱ ሕግ ወዲህ የሚዘጋ የከሰል ማዕድን ፕላኑን ለመንግሥት እንዲያስረክብ አስገድዳለች፤ በዚህና በሌሎች መዛግብት ከ170,000 በላይ የጉድጓድ መግቢያዎች ተመዝግበዋል። እያንዳንዷ ነጥብ መገኛዋን የሚነግር ቁጥር ተሰጥቷታል። የመጨረሻው ጥልቅ የከሰል ማዕድን፣ የዮርክሺሩ ኬሊንግሊ፣ በታኅሣሥ 2015 ተዘጋ፤ የስሚዝ ካርታ ከታተመ ከ200 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከሰሉ ባይወጣም የጉድጓዶቹ ካርታ አልተጣለም። ቤት የሚገዛ ሰው ከወለሉ ሥር ባዶ ጉድጓድ መኖር አለመኖሩን የሚያየው በእሱ ነው፤ የተዘጉ ጉድጓዶችን የሞላው ለብ ያለ ውሃ ቤት እንዲያሞቅ የሚያደርጉ መሐንዲሶችም ያንኑ መዝገብ ይከፍታሉ።

በእኛም አገር የጭልጋ፣ የያዩና የደልቢ ሞዬ ከሰል በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል በተነጠፈ ደለል ውስጥ ይገኛል። ላቫው ሸፍኖታልና የሚታየው ሸለቆው የቆረጠው ዳር ብቻ ነው። በስክሪን ላይ አንድ ቅርጽ ከልሎ በጥቁር መሙላት የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ንጣፉ ከዚያ ዳር ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ በላዩ ስንት ሜትር ባዛልት እንዳለና ይህን ያረጋገጠው የትኛው ቁፋሮ እንደሆነ አብሮ ካልተመዘገበ ግን፣ ቀለሙ ስለ ጥልቁ ዝም ይላል። ስሚዝ በብሩሽና በውሃ ቀለም የመለሰውን ጥያቄ የማይመልስ ካርታ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለሚቆፍረው ሰው ገና ተሠርቶ አላለቀም።