«ስለ ክረምት ጻፉ»

«የዛሬ ተማሪ መጻፍ አይወድም» የሚለው ወቀሳ ከመምህራን አፍ ጠፍቶ አያውቅም። እስቲ እኛም እንጠይቅ፤ ምን ጻፍ ተብሎ ነው እምቢ ያለው? «ስለ ክረምት»፣ «የትምህርት ጥቅም»፣ «ገንዘብ ይበልጣል ወይስ ዕውቀት»። እንዲህ ያለው አርእስት ሜዳ ነው፤ እጅ የሚይዘው ነገር የለውም። ተማሪው ታዲያ ምን ያድርግ? ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የሚያውቃትን መግቢያ ይገለብጣታል። ወረቀቱ ከወር በኋላ ሲመለስ «ሰ»ዋ በ«ሠ» ተለውጣ፣ ሥሯ በቀይ ተሰምሮ ትመጣለች። ስለ ሐሳቡ አንዲት ቃል የለም። ይህን ማን ይወዳል?

አንዳንድ መምህራን አጫጭር ልምምድ ሲሞክሩ እናያለን። ዐሥር ደቂቃ ብዕር ሳያነሡ፣ ሳይሰርዙ መጻፍ፤ አሜሪካዊው ፒተር ኤልቦ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ የታወቀ ዘዴ ነው። እጅን ያፍታታል፣ አንክድም። ግን ደቂቃው ሲያልቅ ደብተሩ ይከደንና በዚያው ይቀራል። ኤልቦ ራሱ ጽሑፉ በጓደኞች ፊት እንዲነበብ፣ እነሱም የተሰማቸውን እንዲናገሩ አጥብቆ ይመክራል። እኛ ክፍል የገባው ግማሹ ብቻ ነው፤ ያውም ቀላሉ ግማሽ።

ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ በመወድስ አይጀምርም። በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ይጀምርና ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል፤ ስምንት ቤት ካለው መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ እዚያው ያቃናለታል፣ ጓደኞቹም ይሰማሉ። ደስታው ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል፤ ሕጉ ጠባብ ነው፣ ሰሚው ደግሞ አጠገብ አለ። (ኮቸሮውና ውሻው ይመለስ ማለታችን አይደለም!)

እንግዲህ እንዲህ ቢባልስ? ሊስትሮ ሣጥን ላይ ያረፈ አንድ ጫማ ግለጹ፤ በ5 ዓረፍተ ነገር ብቻ። «ድሃ»ና «ሀብታም» የሚሉት ቃላት ክልክል ናቸው፤ አንባቢው ግን ባለጫማውን ይወቀው። ተማሪው ወዲያው መጨነቅ ይጀምራል። ተረከዙ በየት በኩል አለቀ? ማሰሪያው የራሱ ነው ወይስ ሲባጎ? ይኸኔ ማየት ጀመረ ማለት ነው። ሲባጎዋን ያስተዋለ ሰው «ድህነት አስከፊ ነው» ብሎ አይጽፍም፤ ምን ያደርግለታል! ከዚያ ሁለት ሦስቱ ጮክ ተብለው ይነበቡ፤ ክፍሉም ባለጫማው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይገምት። ግምቱ ከሳተ ጸሐፊው ጉድለቱን ያለ ቀይ ብዕር ያገኘዋል።

«60 ተማሪ ባለበት ክፍል ማን ያርመዋል?» የሚሉ ይኖራሉ። ሁሉም ይታረም ማን አለ? በየተራ ይነበባል እንጂ። ማርክ ከተሰጠበት ግን አለቀለት፤ ተማሪው ጓደኞቹን ትቶ ለማርኩ ይጽፋል፤ ያቺ የስምንተኛ ክፍል መግቢያም ተመልሳ ከች ትላለች።

ጫማውን የምትሞክሩ ካላችሁ ለአዘጋጆቹ ስጡን። ስድስተኛ ዓረፍተ ነገር ያለበትን ግን አንቀበልም።