ዝናቡ ሲያባራ

በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ዝናቡ ሲያባራና ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ ልጅን ይዞ ከቤት የመውጣትን ልማድ ከልቤ አመሰግናለሁ። ወጪ የለውም፤ ቦት ጫማ ካለ ይበቃል።

አባትና ልጅ አጥር ጥግ ቁጢጥ ብለው ቀንድ አውጣ ያያሉ። ቀንዱን ሲነኩት ይሰበስባል፤ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ያወጣዋል። የረጃጅሞቹ ቀንዶች ጫፍ ላይ ያሉት ዐይኖቹ መሆናቸውን የሰማ ልጅ በቀላሉ ከዚያ አይነሳም! ጎርፍ በሠራት ትንሽ ቦይ ላይ ደግሞ ቅጠል ይለቀቃል፣ በጠጠር ይገደባል፣ ውሃው ሌላ መንገድ ሲያበጅ ይታያል። ከወንዝ ዳር ግን መራቅ ነው፤ ደራሽ ውሃ አይታመንም። ከሰዓት በኋላ ቀስተ ደመና የሚፈለገው በምሥራቅ በኩል፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ነው። ይህን አንዴ ያወቀ ልጅ ከወላጁ ቀድሞ ይዞራል።

እኔ ከሁሉ የምወደው ወደ መስከረም ሲቃረብ አደይ አበባ ፍለጋ መውጣትን ነው። አንዲት ብቻ ቀጥፎ አስጠግቶ ማየት! በዙሪያዋ ያሉት፣ ቅጠል የሚመስሉት ቢጫዎች፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ መሃሏም የደቃቅ አበቦች ጉባኤ ነው። ለዚህ ጊዜና የልጅ ዐይን ያስፈልጋል፤ ትልቅ ሰው ብቻውን ቢሆን አይቶ ያልፋል።

ይህ ልማድ ቢቀር ልጆቻችን አደይን የሚያውቋት ከእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ላይ ብቻ ይሆናል። ወላጅም ልጁ በመንገድ ላይ ሊጠይቀው የነበረውን ሁሉ ሳይሰማ ክረምቱ ይወጣል።