ዳገቱ የወሰደውና መኪናው ያጣው

ከሚሌ ጭኖ የተነሳን አይሱዙ እስከ ኮምቦልቻ ማንም አያማውም። ነገር የሚመጣው ደሴን አልፎ ወደ ጉጉፍቱ ሲያቀና ነው፤ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዓይነት ዳገት በሁለተኛ መንፏቀቅ ይጀምራል። ሾፌሩ መካነ ሰላም እስኪደርስ በልቡ ፖምፓውን አስፈትቶ፣ ኖዝሉን አስቀይሮ፣ ወጪውንም ደምሮ ጨርሷል። ጋራዥ ሲገባ ግን የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጉልበት የለውም።»

ለመካኒክ ይህ፣ በሽተኛ ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ «አሞኛል» እንደሚለው ነው።

ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት የሚጠይቀው መኪናው የት ላይ እንደደከመ ነው። ከፍታ የራሱን ድርሻ ይወስዳልና። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ሲሳሳ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ሚሌ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ፤ በለጋምቦ ደጋ የሚያልፈው መንገድ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ባለ 4.2 ሊትሩ የላንድክሩዘር ሞተር፣ 1ኤችዜድ የሚባለው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 130 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው፤ እዚያ ደጋ ላይ ግን የሚቀረው ከ90 ብዙ አይዘልም። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ላንድክሩዘር ጉጉፍቱ ላይ ቢለግም የሚጠበቅ ነው። ቱርቦ ያለው ሃይሉክስ እኩል ከለገመ ግን አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

የዚህ አገር መልክዓ ምድርም ለምርመራው ያግዛል። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደ ወይን የሚወስደው መንገድ አባይን ይሻገራል፤ ወንዙ ዳር ሲወርዱ አየሩ ወፍራም ነው። መኪናው እዚያ ታች ጉልበቱ ከተመለሰለት ያስቸገረው ከፍታው ነው፤ ታችም ሆኖ የሚያዘግም ከሆነ ጥፋቱ ከራሱ ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ይህ ሳይጣራ ፖምፓ ሲነካ ነው። ፖምፓው ላይ ናፍጣ የምትጨምር ብሎን አለች፤ ትንሽ ዞር ስትደረግ ሾፌሩ ይደሰታል፣ የቸኮለ መካኒክም ሒሳቡን ይቀበላል። ደጋ ላይ ግን የጎደለው ናፍጣ አይደለም፣ አየር ነው። የተጨመረው ናፍጣ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል፣ ሞተሩ ይግላል፣ የነዳጅ ወጪው ይንራል። ይህች ብሎን በመለኪያ ማሽን ላይ ካልሆነ በቀር መነካት የለባትም።

ጭሱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ጥቁር ጭስ ከድካም ጋር ከመጣ አየር ታፍኗል፤ ወይ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኗል፣ ወይ ከቱርቦ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ላስቲክ ተሰንጥቆ ፉጨት ያሰማል። በወግዲ ገጠር ጥርጊያ መንገድ በጋውን ሙሉ የሚመላለስ መኪና ፊልትሮውን የሚቀይረው መመሪያው ላይ የተጻፈውን ኪሎሜትር ቆጥሮ ከሆነ ዘግይቷል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ ፋሻው አልቆ ሊሆን ስለሚችል ባለቤቱን ቁጭ አድርጎ ስለ ወጪ ማነጋገር ይሻላል።

አስቸጋሪው ጭስ የሌለው ድካም ነው። መኪናው ዳገት ላይ ቀስ በቀስ ይሞታል፣ ትንሽ ሲያርፍ ደህና ይሆናል፣ ጥቂት ከሄደ በኋላ ደግሞ ያው ነው። ማደያ በሌለበት ወይም ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ ናፍጣ በጀሪካን ይገዛል፤ የጀሪካኑ አፍ የሚወተፈው ብዙ ጊዜ በፌስታል ነው። ከዚያ ፌስታል ቁራጭ ታንከሩ ውስጥ ከገባ እየዋኘ ይቆያል፤ ሞተሩ አጥብቆ ሲስብ መጥቶ የመምጠጫ ቱቦው አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ይለቃል። ነዳጅ ፊልትሮ አሥር ጊዜ ቢቀየር ይህን አያድነውም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከታንከሩ የሚመጣውንም ወደ ታንከሩ የሚመለሰውንም ቱቦ ነቅሎ ንጹሕ ናፍጣ ወዳለበት ጀሪካን መክተት፣ ጀሪካኑን በደንብ አስሮ ያንኑ ዳገት መውጣት። ከወጣው ፖምፓው ነጻ ነው፤ ታንከሩ ይውረድና ይታጠብ። ከዚያ በፊት ግን የታንከሩን ክዳን ከፈት ማድረግ ምንም አያስወጣም። መተንፈሻው የተደፈነ ክዳን ሲከፈት አየር እየሳበ «ሽ» ይላል፣ መኪናውም አንዳንዴ እዚያው ይድናል።

ሞተሩ ምንም ሳይሆን የሚታማበትም ጊዜ አለ። ወደ አባይ ሲወርዱ የጋለ የፍሬን ካሊፐር ሳይመለስ ተጣብቆ ይቀርና ማዶውን ሲወጡ መኪናውን ይይዘዋል። ብዙ ፍሬን ሳይያዝ ከተነዳ በኋላ እጅን ወደ ቸርኬዎቹ ማስጠጋት ነው፤ አንዱ ብቻውን የሚፋጅ ከሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም። የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ፍጥነቱ ካልተከተለው ደግሞ ፍሪሲዮን ነው። መኪናው ቆሞ የእጅ ፍሬን ይሳብና በአራተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑ ቀስ ብሎ ይለቀቃል፤ ሞተሩ መጥፋት አለበት። እየሠራ ከቀጠለ ሸራው አልቋል።

በቤንዚን በሚሠሩት ቪትዝና ኮሮላ ላይ ካንዴላና የአየር መለኪያ ሴንሰር ቀድመው ይታያሉ። ኮምፒውተር ማስነበብ ይጠቅማል፤ ግን የታፈነ ማርሚታን ወይም የተጣበቀ ፍሬንን ብዙ ጊዜ አያሳይም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ያሉት መኪኖች ዕድሜያቸው ይረዝማል እንጂ አያጥርም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ለጉጉፍቱ ከፍታ ግድ የለውም፤ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ወግዲ ድረስ እስኪመጣ ግን ሥራው ያው የናፍጣ ነው። ጥገናው ያለቀ መኪና ደግሞ ባዶውን ጋራዥ በር ላይ ተነድቶ «ድኗል» አይባልም። የለገመው ጤፍ ጭኖ ከነበረ፣ ሙከራውም ጭነቱን ይዞ፣ በዚያው ማርሽ፣ እዚያው ዳገት ላይ ነው፤ ሾፌሩም አጠገብ ተቀምጦ የፍጥነት መቁጠሪያውን በዓይኑ ይይ።