ያገለገለ የአኒሜሽን ፕሮግራም ስለ መግዛት

በኮምፒዩተር ውስጥ በተሠሩት ዓለማት፣ ይልቁንም ሴከንድ ላይፍ በሚባለው፣ አቫታራቸውን ለማራመድ ወይም ለማስጨፈር የሚሹ ጀማሪዎች ሁሉ አንድ ምክር ይሰጣቸዋል፤ ይኸውም አዲስ ፕሮግራም ከመግዛት ይልቅ ያገለገለ አሮጌ ፖዘር በርካሽ ቢፈልጉ ይበቃቸዋል የሚል ነው። እኛም ምክሩን መርምረን፣ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ግን ገዢውን የሚጎዳ ሆኖ አግኝተነዋል። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ እውነተኛውን ወገን እንመልከት። ሊንደን ላብ የተባለው ኩባንያ ይህን ዓለም በ2003 ከፍቶ፣ በ2004 ነዋሪዎቹ ራሳቸው የሠሩትን እንቅስቃሴ እንዲያስገቡ ፈቀደ። የሚያስገቡትም ቢ.ቪ.ኤች. በተባለው የፋይል ዐይነት ነበር። ይህ ፋይል ሥዕል ሳይሆን ጽሑፍ ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል የአጥንቶቹ ተዋረድ፣ በሁለተኛው የየመገጣጠሚያው ማዕዘን በተራ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ ወደዚያ ዓለም የሚደርሰው ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ቁጥሩን የጻፈው ፕሮግራም አሮጌ ይሁን አዲስ የሚለይበት ምክንያት የለም። በ1999 በወጣው ፖዘር 4 የታጠፈ ጉልበትና በዘንድሮ ፕሮግራም የታጠፈ ጉልበት በዚያ አንድ ጉልበት ነው። ክብደቱን ከእግር ወደ እግር ሳያዛውር የሚራመድ አቫታርም በውድ ዕቃ ስለ ተሠራ መንሸራተቱን አይተውም። (የመጀመሪያው ፍሬም ለማመሳከሪያ ብቻ መሆኑን ያልተረዳ ጀማሪ ግን፣ ሥራው ሲበላሽበት የሚወቅሰው ፕሮግራሙን ነው።)

ይሁን እንጂ በ2016 መጨረሻ ቤንቶ የተባለው ማሻሻያ ለአቫታሩ የጣት፣ የፊት፣ የክንፍና የጅራት አጥንቶችን ጨመረለት። ከዚያ በፊት የተሠራው ፖዘር እነዚህን አያውቃቸውም፤ ቆሞ የሚነጋገር ሰው ለመሥራት ሲበቃ፣ ፒያኖ የሚመታ ጣት ለመሥራት አይበቃም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የባለቤትነት ነገር ነው፤ መካሪዎቹም ዝም የሚሉት በዚህ ላይ ነው። ያገለገለ መጽሐፍ የገዛ ሰው መጽሐፉ የራሱ ነው፤ ቢፈልግ መልሶ ይሸጠዋል። የፕሮግራም ኩባንያዎች ግን የሸጥነው የመገልገል ፈቃድ እንጂ ዕቃ አይደለም ይላሉ። በአሜሪካ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2010፣ በቬርኖርና በአውቶዴስክ ክርክር፣ ያገለገሉ የአውቶካድ ቅጂዎችን በኢቤይ ይሸጥ የነበረው ነጋዴ የቅጂዎቹ ባለቤት አይደለም ሲል ፈረደ። ይኸው አውቶዴስክ ማያና ሦስት ዲ ማክስ የተባሉት የአኒሜሽን ፕሮግራሞች ባለቤት ስለ ሆነ፣ ፍርዱ ለእኛ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። በ2012 ደግሞ በሉክሰምበርግ የሚያስችለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ በዩዝድሶፍትና በኦራክል ክርክር፣ ያለ ጊዜ ገደብ የተሸጠ ፈቃድ ዳግመኛ ሊሸጥ ይችላል፤ ነገር ግን የፊተኛው ገዢ የራሱን ቅጂ ከጥቅም ውጭ ማድረግ አለበት አለ። ይህን የመጨረሻ ቃል ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ዲስኩን ሽጦ ፕሮግራሙን በቤቱ ያስቀረ ሰው፣ ለገዢው ምን እንደ ሸጠለት ለማወቅ ያስቸግራል።

ፖዘርም ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ ቆይቷል፤ በ1995 ያወጣው ፍራክታል ዲዛይን ሲሆን፣ ከ2019 ጀምሮ የቦንድዌር ነው። በአሮጌው ካርቶን ላይ ስሙ የታተመው ኩባንያ ዛሬ ስለ ፈቃዱ ሊመልስ አይችልም።

በእኛ አስተያየት መለያ ቁጥሩንና የሻጩን የማስተላለፊያ ደብዳቤ ያላገኘ ገዢ ገንዘቡን ቢይዝ ይሻለዋል። ከ2002 ጀምሮ ምንጩ ክፍት የሆነው ብሌንደር ያንኑ ቢ.ቪ.ኤች. ይጽፋል፤ ለመማር አድካሚ መሆኑን አንክድም፤ ዋጋ ግን የለውም።