ወንድምነት በስንት ዱላ ይገዛል?

(የስፓይክ ሊ «ስኩል ዴይዝ» ፊልም ሲመረመር)

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት የለመድን ሕዝብ ነን። ለማኅበር ያለንን ፍቅር እድራችን፣ እቁባችንና ጽዋችን ይመሰክሩልናል። ድሩ አንበሳውን አስሮ ሲያበቃ ፈታዮቹንም ሊያስር እንደሚችል ግን ብዙ ጊዜ አንነጋገርም። እኔ ካየኋቸው ፊልሞች መካከል ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ያነሣው የጥቁር አሜሪካዊው የስፓይክ ሊ «ስኩል ዴይዝ» ነው። ፊልሙ ለተመልካች የቀረበው በ1988 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ቢያልፈውም ያነሣው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም። ስለዚህ እንደገና መመርመሩ የሚጠቅም ይመስለኛል።

በቅድሚያ ስለ ማኅበራቱ ጥቂት ልበል። በአሜሪካ ኮሌጆች በግሪክ ፊደላት የሚጠሩ የወንድማማችና የእህትማማች ማኅበራት አሉ። ጥቁሮቹ ተማሪዎች የራሳቸውን ለመመሥረት የተገደዱት የነጮቹ በር ስለተዘጋባቸው ነው። ከጥቁር ኮሌጅ ተማሪዎች የወንድማማች ማኅበራት ሁሉ ቀዳሚ የሆነው አልፋ ፋይ አልፋ በ1906 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በሰባት ተማሪዎች ነበር። እነዚያ ሰባት ወጣቶች በነጮች ባሕር መካከል ብቻቸውን የቀሩ፣ አብሯቸው የሚያጠናና የሚያወጋ ያጡ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በተከታታይ የተመሠረቱት ተጨምረው ዛሬ ዘጠኝ ታላላቅ የጥቁሮች ማኅበራት አሉ። ከዘጠኙ አምስቱ የተወለዱት በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሃዋርድ ለእኛም እንግዳ ስም አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማሩት እዚያው ነው።

ስፓይክ ሊ ይህን ዓለም በወሬ የሚያውቅ ሰው አይደለም። እሱ ራሱ በ1979 የተመረቀው አትላንታ ከሚገኘው ታዋቂው የጥቁሮች ወንዶች ኮሌጅ፣ ከሞርሃውስ ነው። አባቱም አያቱም የተማሩት እዚያው ሲሆን እናቱና ሴት አያቱ የጎረቤቱ የስፔልማን ተማሪዎች ነበሩ። ይህ የሦስት ትውልድ ቤተኛ ካሜራውን ይዞ ወደ ኮሌጁ በተመለሰ ጊዜ ግን የሞርሃውስ አስተዳደር ጥቂት ሳምንታት ካስቀረጸው በኋላ ግቢውን እንዲለቅ ነገረው። ቀረጻውን የጨረሰው በአጎራባች ኮሌጆች ግቢ ውስጥ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ገጠመኝ ራሱ የፊልሙ አንድ ክፍል ነው። ቤተኛ ሲያሞግስ ልጃችን ይባላል፤ ሲጠይቅ ግን ባዕድ ይሆናል።

ታሪኩ የሚፈጸመው «ሚሽን ኮሌጅ» በተባለ የፈጠራ ስም በተሰጠው ግቢ ውስጥ፣ በአንድ የበዓል ሰንበት ነው። በአንድ ወገን ዳፕ የተባለው ተማሪ (ላውረንስ ፊሽበርን) ኮሌጁ ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ጋር ያለውን የገንዘብ ግንኙነት እንዲያቋርጥ ሰልፍ ይመራል። በሌላው ወገን «ጋማ ፋይ ጋማ» የተባለው የፈጠራ ማኅበር አለቃ ጁሊያን (ጃንካርሎ ኤስፖሲቶ) እጩዎቹን እንደ ውሻ እየነዳ ሰልፉን ያቋርጣል። ጁሊያን በእጩዎቹ ዘንድ የሚጠራበት ማዕረግ «ሁሉን ቻይ ታላቅ ወንድም» የሚል ነው። ለእግዜር ብቻ የሚገባ ቃል ሃያ ዓመት በወጉ ላልሞላው ጎረምሳ ሲሰጥ መስማት ያስቃል፤ ቆይቶ ግን ያሳስባል። ከእጩዎቹ አንዱ የዳፕ የአክስት ልጅ ነው። በቁመቱ ማጠር ምክንያት «ሃፍ ፒንት» ይሉታል፤ ይህን ልጅ የሚጫወተው ስፓይክ ሊ ራሱ ነው። ሃፍ ፒንት ማኅበርተኛ ለመሆን የማይችለው ነገር የለም። ይሰደባል፣ ይመታል፣ ይንበረከካል። ሁሉንም «እሺ ታላቅ ወንድሜ» እያለ ይቀበላል።

ዳይሬክተሩ ጥሩ ዓይን አለው። የጥቁሮቹን የእርስ በርስ ክፍፍል ለማሳየት የቆዳ ቀለምንና ጸጉርን ይመርጣል። ቀላ ያሉትና ጸጉራቸው የሚተኛላቸው ልጃገረዶች በጄን (ቲሻ ካምቤል) እየተመሩ የወንዶቹ ማኅበር አጋዥ ሆነዋል፤ ጠቆር ያሉትና ጸጉራቸውን እንደ ተፈጥሮው የተዉት ከነዳፕ ጋር ናቸው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ የውበት ሳሎን ውስጥ በዘፈንና በጭፈራ የሚሰዳደቡበት ክፍል የፊልሙ ድንቅ ትዕይንት ነው። ሊ በቀረጻው ወቅት ሁለቱን ቡድኖች በተለያየ ሆቴል አሳርፎ፣ ለቀዮቹ የተሻለውን ሰጥቶ እንደነበር ይታወቃል። ቅናቱ በትወናው ላይ ይታያል። በዚህ ክፍል የምንስቅ ኢትዮጵያውያን ብንኖር ደግሞ «ቀይ ናት» ስንል «ቆንጆ ናት» ማለታችን የሆነበትን ቋንቋ የምንናገር መሆናችንን አንርሳ።

ይሁንና እኔን ይበልጥ የያዙኝ ሁለት አጫጭር ትዕይንቶች ጭፈራ የላቸውም። በመጀመሪያው የኮሌጁ ቦርድ ሊቀመንበርና ፕሬዚዳንቱ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ስለ ተማሪዎቹ ሰልፍ ይነጋገራሉ። ሊቀመንበሩ በብስጭት የሚያነሡት ነገር እውነት ነው። ሌሎቹ ሕዝቦች ኮሌጃቸውን በራሳቸው ገንዘብ ያቆማሉ፤ የእኛ ምሩቃን ግን ዲግሪያቸውን ይዘው ከሄዱ በኋላ እጃቸውን አይዘረጉም፤ ስለዚህ የነጭ ለጋሾችን ፊት ማየት ግድ ሆነብን ይላሉ። በዚህች ንግግር ውስጥ የፊልሙ ጠቅላላ ሂሳብ ተቀምጧል። ወንድምነት በየሌሊቱ በሚማልበት ግቢ፣ ወንድሞቹ ተመርቀው ሲወጡ ለእናት ኮሌጃቸው የሚደርሱላት ካልሆነ መሐላው ለምን ነበር?

ሁለተኛው ዳፕና ጓደኞቹ ከግቢው ወጥተው ዶሮ ሊበሉ ኬንታኪ የገቡበት ነው። ሥራ ያጡ የሰፈሩ ወጣቶች (አንደኛው ሳሙኤል ኤል ጃክሰን ነው) ይተናኮሏቸዋል። ኮሌጅ ስለገባችሁ የተለያችሁ መሰላችሁ እንዴ፣ ነጩ ለእናንተም ለእኛም ያለው ስድብ አንድ ነው ይሏቸዋል። ስለ አፍሪካ ነጻነት ሲጮኽ የዋለው ዳፕ ለጎረቤቱ ልጅ የሚሰጠው በቂ መልስ የለውም። ማኅበርተኞቹን የሚንቀው ዳፕም በሌላ አጥር ውስጥ እንደሚኖር ዳይሬክተሩ ያለ ርኅራኄ ያሳየናል። ፊልሙን ከተራ ስብከት ያዳነው ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ፊልሙ ማኅበሩን የሚያየው በኮሌጁ አራት ዓመታት ብቻ ነው። የጥቁሮቹ ማኅበራት ትልቁ ልዩነት ግን አባልነቱ ዕድሜ ልክ መሆኑ ነው። ምሩቃኑ በየከተማው የራሳቸው ቅርንጫፍ አላቸው፤ ወርኃዊ ስብሰባ ይቀመጣሉ፣ ለተማሪዎች የትምህርት ገንዘብ ይሰበስባሉ፣ ሥራ ያገናኛሉ፣ ሲሞቱም በማኅበራቸው ሥርዓት ይሸኛሉ። ከዚህ አንጻር ሲታዩ ከእኛ እድር ብዙም አይርቁም። ማርቲን ሉተር ኪንግ የአልፋ ፋይ አልፋ አባል ነበር። በዋሽንግተን ለቆመው ሐውልቱ ሐሳብ ያመነጨው፣ በ1996 የኮንግረሱን ፈቃድ ያስገኘውና ገንዘብ የማሰባሰቡን ሥራ የጀመረው ይኸው ማኅበር ነው። ወጪው ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር የደረሰው ሐውልት በ2011 ተመርቋል። ሃፍ ፒንት ለምን ያን ሁሉ መከራ እንደሚቀበል ከሊ ፊልም ብቻ ስንገምት ሞኝነት ወይም የሴት አምሮት ይመስለናል። እውነቱ ግን ልጁ የሚንበረከከው ከፊቱ ለሚጠብቁት አርባና አምሳ ዓመታት ነው። ለወጣቱ ዱላው እንደ ባንክ ተቀማጭ ነው፤ ወለዱን ሲመረቅ ይበላል። ሊ ይህን ቢያሳየን ኖሮ ጥያቄው ይከብድ ነበር እንጂ አይቀልም ነበር።

ምሩቃኑ በጎ እንደሚሠሩ ሁሉ የዱላውም ጠባቂዎች ሊሆኑ ይችላሉና። የተመታ ሰው የተመታበት ነገር ዋጋ አልነበረውም ሲባል መስማት አይፈልግም። «እኛ በዚህ አልፈን ነው ሰው የሆንነው» ይላል። «ዱላ ከገነት ወጣ» የሚሉት የእኛም አባቶች የሚያስቡት ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ለነዚህ ሰዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። እነዚያን የ1906 ሰባት መሥራቾች ማን መታቸው? ከነሱ በፊት ማኅበርተኛ አልነበረም፤ ስለዚህ ለመግባት የሚያንበረክካቸው ታላቅ ወንድም አልነበራቸውም። እነሱን ያስተሳሰራቸው የጋራ ችግርና የጋራ ሥራ ነው። በማኅበሩ ታሪክ እጅግ የተከበሩት አባላት አንድም ዱላ ሳይቀምሱ አባል የሆኑት ናቸው ማለት ነው። ይህ ከሆነ ዱላው የወንድምነቱ መሠረት ነው የሚለው ክርክር ከሥሩ ይፈርሳል።

ሂሳቡን በመጨረሻ የሚከፍለውስ ማን ነው? የፊልሙ ምርጥ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሃፍ ፒንት ፈተናውን ሁሉ አልፎ ማኅበርተኛ ከሆነ በኋላ ጁሊያን የራሱን ፍቅረኛ ጄንን ለአዲሱ ወንድም እንድትሰጥ፣ ለማኅበሩ ያላትን ታማኝነት በዚያ እንድታረጋግጥ ያዝዛታል። እያለቀሰች ትታዘዛለች። ከዚያም ታዘዘች ብሎ ጁሊያን ራሱ ይጥላታል። ተመታ የተባለው ልጅ ነው፤ ዕዳውን የዘጋችው ግን በማኅበሩ ዝርዝር ውስጥ ስሟ የሌለው ልጅ ናት። በወንድሞች መካከል የሚደረግ መሐላ ከወንድሞቹ ውጭ ባለ ሰው ላይ እንደሚፈጸም ከዚህ በላይ የሚያሳይ ትዕይንት አላስታውስም። የሚያሳዝነው ሊም ከዚህ በኋላ ጄንን ይረሳታል። ቁጣውን የሚያሰማው ዳፕ፣ የሚያፍረው ሃፍ ፒንት፣ መፍትሔ የሚፈለግለት የወንዶቹ ጠብ ነው። ጄን ምን እንዳሰበች፣ በማግስቱ እንዴት እንደዋለች ካሜራው አይጠይቃትም። ማኅበሩ ያደረገባትን ፊልሙ ደገመባት።

በአወቃቀሩ ፊልሙ ገበያ እንደዋለ ዘንቢል ነው፤ ያልገባበት ነገር የለም። ሙዚቃ፣ ፖለቲካ፣ ኳስ፣ ፍቅር፣ ቀልድ አንዱ ሌላውን ይገፋዋል። የኧርነስት ዲከርሰን ካሜራና የዳይሬክተሩ አባት የቢል ሊ ሙዚቃ ባያያይዙት ይበታተን ነበር። መጨረሻው ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ዳፕ ደወል እየደወለ ሁሉንም የሚቀሰቅስበት፣ ጠበኞቹ ጎን ለጎን ቆመው ወደ እኛ የሚያዩበት ነው። አንዳንድ ተቺዎች ይህን ፍጻሜ እንደ ድንገተኛ ስብከት ቆጥረውታል። እኔ ግን እቀበለዋለሁ። ሊ መፍትሔ እንዳለው አላስመሰለም፤ ንቁ ብሎ ተወን።

ማን ነቃ? ፊልሙ በወጣ በዓመት ከምናምኑ፣ በ1989፣ በዚያው በሞርሃውስ አንድ የ18 ዓመት ተማሪ ለማኅበር እጩ ሆኖ በድብደባ በታጀበ ስብሰባ ላይ ሕይወቱ አለፈ። በ1990 ዋና ዋናዎቹ የጥቁሮች ማኅበራት የእጩነቱን ወቅት በይፋ ሰረዙ። ዱላው ግን ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልቀረም። በነጮቹ ማኅበራትም ወጣቶች በግዳጅ መጠጥ መሞታቸው ቀጠለ። የአሜሪካ መንግሥት ኮሌጆች እንዲህ ያለውን ድርጊት እንዲመዘግቡና ለሕዝብ እንዲገልጹ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ያወጣው በ2024 መጨረሻ ነው። ደወሉ ከተደወለ ሠላሳ ስድስት ዓመት አልፎ ማለት ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ለሚመስለው አንባቢ አንድ ነገር ላክል። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በእግር በሚደረስበት በዩ ስትሪት ዙሪያ የእንጀራ ሽታ የሚሸትባቸው ምግብ ቤቶች አሉ። የወገኖቻችን ልጆች በእነዚህ ግቢዎች ይማራሉ። ከእነሱም አንዱ የማኅበሩን ጃኬት ለብሶ «ወንድሞቼ» የሚላቸውን ይዞ ቤት ሊመጣ ይችላል። እናት ደስ ሊላት ይገባል፤ በሰው አገር ወንድም ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ወንድሞቹን አብልታ አጠጥታ ስታበቃ፣ ሸሚዙን ገልጣ ጀርባውን ብታይ መልካም ነው። ሴት ልጅ ካላት ደግሞ «ስኩል ዴይዝ»ን አብረው ይመልከቱና፣ ሊ ለጄን ያልጠየቀላትን ጥያቄ ልጇን ትጠይቃት።