ይህ ብልቃጥ ለማን ነው?

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ መልቲቫይታሚን ይዘው ወደ ፋርማሲ ከሚመጡ ሰዎች በብዛት የምሰማው ጥያቄ «ይሄ ጥሩ ነው?» የሚል ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት የሚወስደውን ሰው እጠይቃለሁ። ዕድሜው፣ እርግዝና፣ ሲጋራ፣ ሌላ መድኃኒት ካልታወቀ ብልቃጡን ብቻ መመርመር ግማሽ ሥራ ነው።

የፊቱን ጽሑፍ አልፌ ጀርባውን አዞራለሁ። አስቀድሜ የማየው የአንድ ጊዜ መጠን ስንት ፍሬ እንደሆነ ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር የሁለት ወይም የሦስት ፍሬ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ ቫይታሚን ኤን እፈልጋለሁ። እዚህ ላይ መጠኑ ብቻ አይበቃኝም፤ ከምን እንደመጣ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ሬቲኒል ፓልሚቴት ወይም ሬቲኒል አሲቴት ከሆነ አዋቂ ሰው በቀን ከ3,000 ማይክሮግራም በላይ መውሰድ የለበትም፤ በእርግዝና መጀመሪያ ሲበዛ ፅንስ ይጎዳል። ቤታ ካሮቲን ከሆነ ሰውነት በሚፈልገው ልክ ስለሚለውጠው ነፍሰ ጡር ይህ ስጋት የለባትም። ለአጫሽ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፊንላንድ ውስጥ በወንድ አጫሾች ላይ የተደረገው ትልቅ ጥናት ውጤት በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በዝቶ ተገኘ። ጥናቱ የተጀመረው ካንሰርን ይከላከላል በሚል ተስፋ ነበር። አንዱን ያዳነ ቅመም ሌላውን ሊጎዳ እንደሚችል ለተማሪዎቼ የማስረዳው በዚህ ነው።

ካልሲየም ላይ ብዙ አልቆይም። የቀን ፍላጎቱ 1,000 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ይህን የሚሰጥ ካልሲየም ካርቦኔት ብቻውን 2.5 ግራም ስለሚመዝን አንድ ፍሬ ውስጥ አይገባም።

አይረን ደግሞ ለወጣት ሴት በቀን 18 ሚሊግራም፣ ለአዋቂ ወንድና የወር አበባ ላቆመች ሴት 8 ነው። ስለዚህ ለልጅቷ የተላከውን አባትየው ባይጋሯት እመርጣለሁ። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤትም ብልቃጡ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ አይረን ሕፃን ይገድላል። አይረንና ካልሲየም የእንቅርት መድኃኒትንም ሆድ ውስጥ ይይዙታል፤ ስለዚህ አብረው አይወሰዱም።

«እማማ፣ የእንቅርቱን መቼ ነው የሚወስዱት?»

«ጠዋት በባዶ ሆዴ፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ይሄንን ከምሳ ጋር ያድርጉት።»

ለማርገዝ ያሰበች ሴት ስትመጣ ግን ሌላውን ሁሉ አቆይቼ የፎሌትን መስመር በጣቴ አሳያታለሁ። የአሜሪካው ሰንጠረዥ 667 ማይክሮግራም ዲ.ኤፍ.ኢ. የሚባለውን የምግብ ፎሌት አቻ ይልና በቅንፍ 400 ፎሊክ አሲድ ይጽፋል፤ እኛ የምንፈልገው በቅንፍ ያለውን ነው። የፅንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚወጡበት ቱቦ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ገደማ ይዘጋል፤ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ማለት ነው። በአገራችን ይህ ቱቦ ሳይዘጋ የሚወለዱ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ስለዚህ 400ው ካለ፣ በሬቲኒል መልክ ያለው ቫይታሚን ኤም ካልበዛ፣ እርግዝናውን ሳትጠብቅ ዛሬውኑ እንድትጀምር እነግራታለሁ።